እንከን ያልተገኘለት ሞተር

«እናቴ፣ ሞተሩ ምኑ ላይ ነው ያስቸገረዎት?»

መካኒኩ ይህን የጠየቀው ልብስ ሰፊዋን ነበር። ቤቷ እያለች ሦስት አራት እንከን አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን፣ ያ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው በሞተር መሸጫው በር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው በሐዘኔታ ሲያያት ያዘጋጀችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ይጮኻል» አለች በመጨረሻ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ሞተር አይደለም እንዴ፣ ሊዘፍንልዎት ኖሯል?» ይላት ነበር። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው። እንዲያ ቢላት ነገር ታነሳለች፤ ነገሩ ጠብ ይሆናል፤ ጠቡ ሲከር «በሉ ሞተራችሁን ውሰዱ፣ ገንዘቤን መልሱ» ብላ ትገላገላለች። ሰውየው ግን ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሆድ አስጠጋ።

«ምን ዓይነት ጩኸት ነው?»

«ክር እንዳነቀው ዓይነት» አለች። ከስፌት መኪና በቀር የምታውቀው መኪና የላትም።

«ችግር የለም» አለ መካኒኩ።

አንጀቷን የሚያሳርረው ይህ ቃል ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ «ችግር የለም» ብለው ነው የሚጠሩት። ከወዲያ ማዶ «ኧረ ችግር የለም፣ ስልክ ይፈልግሃል!» ይሉታል። እሷ ችግር ፍለጋ መጥታ የገጠማት ሰው ስሙ ችግር የለም!

ሞተሩን የገዛችው እሷው ናት፣ በገዛ ስሟ። አንድዬ ልጇ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ስትጨርስ «እማ፣ ሞተር ካለኝ እኮ የትም ውዬ ማታ ቤቴ እገባለሁ» አለቻት። እናት «ማታ ቤቴ እገባለሁ» የምትለዋን ብቻ ሰማች። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። ሞተሩ ተገዝቶ ገና አቧራ ሳይነካው ልጅቷ የምትሠራበት ቦታ ታወቀ። አውቶቡስ የማይገባበት፣ ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ የማይታሰብበት ሩቅ ገጠር ነው። ቀጣሪዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ የራሷ ሞተር ያላትን ነው። ሞተር ካላት ትሄዳለች፤ ከሌላት ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ እሷም እዚሁ ትቀራለች።

ልጇን «አትሂጂ» ለማለት የልብስ ሰፊዋ አፍ አልደፈረም። ሞተሩን «አትሂድ» ማለት ግን የሚቻል መሰላት። ስለዚህ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ለሚሰጣት ሥልጠና በእግሯ ስትወጣ ጠብቃ ወደ መሸጫው ደወለች። እነሱም ፒካፕ ልከው ሞተሩንም እሷንም ጭነው አመጧቸው። ይኸውና፣ ገና ሳትጣላቸው ውለታ ዋሉባት።

መሸጫው አንድ ደንብ ነበረው። ደንበኛ ሰማሁ ያለውን ድምፅ መካኒክ አልሰማሁም ብሎ አይመልስም። ሁለቱም በዚያው ሞተር ላይ ተቀምጠው እስኪሰሙት ድረስ ይሄዳሉ።

«ይህን ሄልሜት ያድርጉና ከኋላ ይቀመጡ» አላት።

«እኔ? እኔ እዚህ ነገር ላይ?»

«ታዲያ ካልተቀመጡ በምን እንስማው፣ እናቴ?»

የዋሸ ሰው ምን ምርጫ አለው? ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። አደባባዩን ሲዞሩ የሰውየውን ቱታ ከጀርባው ጨምድዳ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፈጣሪዋን በሙሉ ድምፅ ጠራች። የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አያት።

«ሰሙት?» አላት ተመልሰው ሲቆሙ።

«የራሴን ጩኸት ነው የሰማሁት!»

«እኔም የሰማሁት እሱን ነው» አለ ሳይስቅ። «ግን ችግር የለም፤ ለማንኛውም ካቴናውን ጠበቅ እናድርገው።»

ካቴናውን አጠበቁ። ሞተሩን አጠቡ። ለእሷም ለስላሳ ወንበር አቅርበው ሻይ ሰጧት። ከዚያ ሞተሩንም እሷንም እቤት አደረሱ። ጠብ ፍለጋ የወጣች ሴት ሻይ ጠጥታ ተመለሰች።

ሌላ ቀን ፍሬኑ አይይዝም አለች። ሄልሜት አደረጉላትና ቁልቁለት ወሰዷት። ፍሬኑ ይይዛል፤ ግንባሯ ከሰውየው ጀርባ ጋር እስኪላተም ድረስ ይይዛል። ቀጥላ ወንበሩ ይቆረቁራል አለች። ወንበሩን በነጻ ቀየሩላት። በዚህ ላይ የመሸጫው ሻጭ እየደወለች «እናታችን፣ በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ትላታለች። አልረካሁም ብትል ሊጠግኑ እየሮጡ ይመጣሉ። ረክቻለሁ ብትል ነገሩ አበቃለት። «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

«ምናለ እንደ ሰው ቢያመናጭቁኝ!» ትላለች ለስፌት መኪናዋ። «የሸጠውን ዕቃ አላውቀውም ብሎ የሚክድ ስንት ሱቅ ሞልቶ፣ እኔ ስፈልገው የት ይጥፋ?»

አንድ ቀን ልጅቷ ከሥልጠና ስትመለስ ሞተሩ ገና ከፒካፑ ላይ እየወረደ ደረሰች።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ይሸታል።»

«ምን ምን?»

«ሞተር ሞተር።»

ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ! ራስሽ ገዛሽ፣ ራስሽ ትጮኺያለሽ። ደግሞ ከኔ ይልቅ የተሳፈርሽበት አንቺ ነሽ። ለምን አንቺው ሄደሽ ላሞቹን አትከትቢም?»

«ላሞቹ ይሻሉኛል፣ ከዛሬ ልጅ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቋን ቀድማ ያቆመችው እናትየዋ ነበረች።

ልጅቷ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት መካኒኩ ሳይጠራ መጣ። ፒካፑን በር ላይ አቁሞ፣ ልብስ ሰፊዋ ከምትሰፋበት በረንዳ ሥር ቆመ።

«አለቃዬ ልኮኝ ነው» አለ። «አንድ ደንበኛ ይህን ያህል ተመላልሶ ካልተመቸው ዕቃውን ወስደን ገንዘቡን እንመልሳለን። ሞተሩ በእርስዎ ስም ነው። ‹አልተስተካከለልኝም› ይበሉኝና አሁኑኑ ጭኜው እሄዳለሁ።»

ይኸው! ያን ያህል የተንከራተተችለት ነገር ራሱ በእግሩ እቤቷ ድረስ መጣ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀራት። ከውስጥ ግን ልጅቷ ሻንጣዋን እየሸከፈች ታፏጫለች።

«ብቻ» አለ መካኒኩ ራሱን እያከከ፣ «እንከኑን ሳላውቀው ብወስደው ይቆጨኛል። ለመሆኑ መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?»

«አንተ ልጅ፣ ጨጓራዬን ላጥከው!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። «መቼ ይጮኻል፣ መቼ ይጮኻል! እሷ ስትወጣ ይጮኻል። እስከ መታጠፊያው ድረስ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ አልሰማውም። እኔን የሚያስቸግረኝ ያኔ ነው፣ መጮኹን ሲተው! ጎማው ቢፈነዳባት፣ ጭቃ ቢይዛት፣ ሰው በሌለበት ብቻዋን ብትቆም፣ በየት በኩል ልሰማ ነው?»

ፉጨቱ ቆመ። ልጅቷ ያጣጠፈችውን ሹራብ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ችግር የለም አላለም። «ይሄስ ችግር ነው» አለ። «እኔ የምጠግነውም አይደለም። ጎማ ያሉትን ግን እችላለሁ።»

ከፒካፑ ላይ የመፍቻ ቦርሳውን አውርዶ ልጅቷ እግር ሥር አስቀመጠና የኋላውን ጎማ እንድትፈታ ነገራት። ከዚያ የውስጡን ጎማ አውጥቶ፣ ሆን ብሎ በምስማር ወጋውና መልሶ ሰጣት። ወደ እናትየዋ ዞረ።

«እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ። ረካሁ እስኪሉ ድረስ የትም አልሄድም።»

ልጅቷ እየተነጫነጨች ፋቀች፣ ማጣበቂያ ቀባች፣ ለጠፈች። «ይኸው፣ አለቀ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አደረገች። የቀሚስ ዘርፍ እንደምትፈትሸው በጣቷ የልጥፉን ዙሪያ ዳሰሰችው።

«ጠርዙ ተነስቷል። አንሺው።»

«እማ! ጎማ እኮ ነው፣ የሙሽራ ልብስ አይደለም!»

«አንሺው አልኩሽ። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ ለደንበኛ አላስረክብም።»

መካኒኩ ፊቱን ወደ ፒካፑ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ልጅቷ ልጣ ደግማ ለጠፈች። እናትየዋ ደግማ አስነሳቻት። ኋላ፣ የልጅቷ ግንባር ላብና ግራሶ ሲቀላቀልበት፣ የልብስ ሰፊዋ ጣት ዙሪያውን ዞሮ የሚይዘው ነገር አጣ። ልጅቷ ማንም ሳያግዛት ጎማውን መልሳ ገጠመች፣ በእግሯም እየረገጠች ነፋችው። እናትየዋ መፍቻ ስታቀብላት የቱን እንደምትፈልግ እንኳ አልጠየቀቻትም። መሸጫው ስትመላለስ እያየች ለምዳው ነበር።

«አሁንስ?» አለ መካኒኩ። «ልጫነው?»

«ምኑን?» አለች ልብስ ሰፊዋ በንዴት። «ምን ሆኖ ነው የምትጭነው? ምንም የለውም እኮ!»

«ችግር የለም» አለና መፍቻዎቹን ለልጅቷ ትቶላት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ አልተሰማም። ልብስ ሰፊዋ አንድ ሱሪ ሁለቴ አሳስታ ሰፍታ ሁለቴ ፈታችው። አመሻሹ ላይ ሻጭዋ ደወለች።

«እናታችን፣ ሞተሩ እንዴት ሆነልዎት?»

«እናንተ ሰዎች አትሰለቹም?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቆዪ፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለችና ለልጇ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከጀርባ ላም ትጮኻለች።

«ደርሻለሁ፣ እማ። ሞተሩ ደህና ነው በያቸው።»

«ወንበሩስ? አይቆረቁርም?»

«እማ!»

ልጅቷ ከሞተሩ ጋር ሄደች። እናትየዋ ከስፌት መኪናዋ ጋር ቀረች።