ለአራት በሦስት ተኩል ቤት የሚሆን ስፒከር

ሰው ሁሉ ስለ ስፒከር እንደሚያውቅ የተረዳሁት ስፒከር ልገዛ ነው ያልኩ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ አንድም ሰው የስፒከር ወሬ አንስቶብኝ አያውቅም። ልገዛ መሆኔ ሲሰማ ግን ጨው ሻጩ ሳይቀር መካሪ ሆነ። አንዱ ትልቅ ግዛ ይላል፣ ሌላው ትንሽ። አንዱ ማዕዘን ላይ አስቀምጠው ይላል፣ ሌላው ማዕዘን ላይ ከምታስቀምጠው ባትገዛው ይሻልሃል ይላል። እኔ ደግሞ ብስጩ ነኝ፣ አልዋሽም። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ነገር ሲነግረኝ ሁለቱንም ከሱቄ ማስወጣት ነው የሚያምረኝ።

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። አባቴ ሼህ ሙሄዲን መንዙማ አውጪ ነበሩ፤ ኩታበር ድረስ ሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማ ጉባኤ፣ በተቀመጠ ቁጥር ይጠራሉ። ቤት ውስጥ ግን ዝምተኛ ነበሩ። «አፋቸውን የሚከፍቱት ለዱዓና ለጉርሻ ነው» እያለች እናቴ ታሾፍባቸው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ሲሞቱ ከድምፃቸው የቀረልን አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ ቤታችን ሐድራ ላይ የተቀዳ። እንዳያልቅብን ብለን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣ ከዝሁር ሰላት በኋላ የአባቴ ወዳጆች ሲሰበሰቡ እንከፍተዋለን። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የሳጥኑ ቁልፍ ከእኔ ኪስ አይወጣም።

አንድ ሐሙስ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ «እማ፣ ዛሬስ በደንብ ሰማሽ?» አልኳት።

«ድቤው ይሰማኛል ልጄ» አለች። «እሳቸው ግን የሉም።»

«እንዴት የሉም?»

«ግብ ግብ የሚለው ይመጣል። ቃላቸው አይመጣም። ለሙት ዓመታቸው ሰደቃ ቃላቸውን አንዴ ብሰማ ከዱንያ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ሰደቃው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጆሮዋ ደክሟል ብዬ ደመደምኩ። ቴፓችንም ባለ አንድ ስፒከር አሮጌ ነው። የደከመ ጆሮና የደከመ ቴፕ ሲገናኙ መድኃኒቱ ጥሩ ስፒከር ነው አልኩ፤ ሌላ ነገር ማሰብም አላስፈለገኝም።

ካሴቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ፣ ዓብደላ ሱቅ ነው። ዓብደላ አያቱ ከየመን የመጡ፣ ሬዲዮና ቴፕ የሚሸጥ፣ ለደንበኛው ሁሉ ወንድሜ የሚል ነጋዴ ነው።

«ወንድሜ፣ ቤትህ ስንት በስንት ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። መለካት ሙያዬ ነው። ወዲያው ቤቴ ተመልሼ የልብስ ሜትሬን ዘረጋሁ። ከበሩ እስከ መጋረጃው አራት ሜትር፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሦስት ሜትር ተኩል። ሚስቴ ሳፊያ ወንበር ላይ ቆሜ ጣሪያውን ስለካ ብታየኝ፣ «ቤቱ ኮት ሊሰፋለት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሜትሬን ጠቅልዬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

«አራት በሦስት ተኩል» አልኩት ዓብደላን።

«ስንት ዋት ነው የምትፈልገው?»

«እኔ የማውቀው ሻማ ነው። ለዚያ ቤት ባለ ስድሳ ሻማ አምፖል ይበቃዋል።»

«እሱ መብራት ነው ጀላል። ይሄ ድምፅ ነው።»

«እኮ፣ በድምፅ ስንት ሻማ ይሆናል?»

ዓብደላ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች እየጎተተ አመጣ። «ይሄን ውሰድ። ሳጥኑ ትልቅ ካልሆነ ወፍራም ድምፅ ከየት ይመጣል? ሁለቱን ማዕዘን ላይ አስጠጋቸው፤ ግድግዳው ያግዝሃል።» ካሴቱን ከፈተው። ድቤው ደረቴን መታኝ፣ ሱሪዬ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ወላሂ ይሄ ነው አልኩ። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ስድስት መቶ ብር። እኔ ያለኝ ሦስት መቶ ነው። ካሴቴን አውጥቼ ወጣሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በማግስቱ ወሬዬ ሳላውቀው ቀበሌ ደርሶ ነበር። ሊቀመንበሩ ካኪ ሱሪ ሊያሰፋ መጣና ወገቡን እየለካሁት፣ «ጓድ ጀላል፣ ሁለት ስፒከር ልትገዛ ነው አሉ። ለየትኛው ስብሰባ ነው?» አለኝ።

«ለእናቴ ነው፤ የአባቴን መንዙማ ልትሰማበት።»

«ይሁን። ግን ከአጥርህ ውጭ እንዳይሰማ። በዚህ ቀበሌ የሚጮኸው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የደከመ ጆሮ የሚሰማው፣ የቀበሌ ጆሮ የማይሰማው ስፒከር ከየት ይመጣል? የሱሪውን ወገብ ሁለቴ ተሳስቼ ጻፍኩት።

ቀለሙ ጋ ሂድ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ቀለሙ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ከሥራ መልስ ሬዲዮ ይጠግናል። ቅዳሜ ካሴቱን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ በአውቶቡስ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወረድኩ። ከደሴ በካፖርት ተነስቼ ኮምቦልቻ በሸሚዝ ደረስኩ።

ቀለሙ ስንት በስንት ነው አላለኝም። «ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት?» አለኝ። ጭቃ ነው አልኩ። «ኮርኒስ አለው?» የለውም፤ ቆርቆሮ ነው። «ሰሚው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፍራሽ ላይ ነዋ። ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ።»

«እንግዲያው ትልቅ ሳጥን አትግዛ። ትንሽ ቤት ውስጥ ትልቅ ሳጥን ያጓራል፣ ቆርቆሮውም አብሮ ያጓራል። ማዕዘን ላይ ደግሞ በፍጹም እንዳታስቀምጥ።»

«ዓብደላ ማዕዘን ላይ አለኝ።»

«ዓብደላ ሳጥን ነው የሚሸጠው። አንተ የምትፈልገው ድቤ ነው ወይስ ሰው?»

«ሰው» አልኩ። «ቃሉ እንዲለይ።»

«እንግዲያው ትንንሽ ግዛ፤ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቀህ አስቀምጥ። ግድግዳው ላይ ቀለል ያለ ጨርቅ ስቀል፤ እንዳይወፍር ብቻ። ወፍራም ጨርቅ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል፣ ከወዲያ የሚያልፈው ድቤ ብቻ ነው።»

ስለ ጨርቅ እኔን ሊያስተምር! አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ቀለሙ ከአልጋው ሥር ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አወጣ፤ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሲሄድ የሸጠለት ናቸው። እነዚህ የጫማ ካርቶን የሚያክሉ ነገሮች ምን ሊሉ ነው አልኩ በሆዴ። ካሴቱን አስገባ።

አባቴ ጎኔ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን የጉሮሮ መጥረግ ዓመት ሙሉ በቴፓችን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ለመንዙማው ሳይሆን አጠገባቸው ላለ ሰው፣ «እነረሂማ ይሰማቸዋል?» አሉ። ረሂማ እናቴ ናት። አንድ ፈጣን ድምፅ፣ «ይሰማቸዋል አባዬ፣ ይጀምሩ!» ሲል መለሰ። የእኔ ድምፅ ነው! የራሴን ድምፅ ከአባቴ ጋር ስሰማ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል እንባዬ መጣ። ቀለሙ ሻይ ላፍላ ብሎ ወጣ።

በሁለት መቶ ብርና ቀለሙ ለሠርጉ በሚለብሰው አንድ ሙሉ ልብስ ተስማማን። ቴፓችንን በማግስቱ ወስጄለት ከጀርባው ሽቦ አወጣልኝ። ቤት ገብቼ ቀለሙ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። ሳጥኖቹን በርጩማ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፤ ከግድግዳው ክንድ ያህል። ሽቦውን እንዳይዝረከረክ በልኩ ቆረጥኩት። ለፍራሹ መሀል ለካሁ፣ ለሁለቱ ጫፍ ለካሁ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም፤ በዕለቱ እንድታየው ብዬ።

ሰደቃው ደረሰ። በሬው ታረደ፣ ሰው መጣ። ወንዶቹ ፍራሹ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ ጫቱ ዞረ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ከመጋረጃው ወዲያ፣ በጓዳ በኩል ናቸው። የአባቴ የልብ ወዳጅ ሀጂ እንድሪስ ዱዓ አደረጉና ካሴቱን ከፈትኩ። «አጂብ!» አሉ ሀጂ እንድሪስ። «ሙሄዲን መጣ!» ትልልቅ ሰዎች በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ኩራት ልቤን ነፋው። የእናቴን ደስታ ላይ ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ተስቢሏን፣ ትቆጥራለች።

«እማ፣ ሰማሽ?»

ጎረቤቶቿ ቀድመዋት፣ «ሰማች፣ ሰማች! አላህ ይስጥህ» አሉኝ። እናቴ ግን አንገቷን ደፋች። ሊዋሹልኝ እንደፈለጉ ገባኝ።

«እማ?»

«ድቤው ይሰማኛል» አለች።

ደሜ ፈላ። ተመልሼ ድምፁን ጨመርኩት። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ሀጂ እንድሪስ ጆሯቸውን ያዙ፤ ሊቀመንበሩ ትዝ አለኝ። እንደገና ገባሁ። «ድቤው በረታ» አለችኝ እናቴ፣ ልታጽናናኝ ፈልጋ። ግራ ገባኝ። ዋት ነው ያነሰው? ማዕዘን ላይ ነበር መሆን የነበረበት? ዓብደላ ነው ልክ ወይስ ቀለሙ? «ያ ኤሌክትሪሻን አታለለኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳፊያ የሥጋ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። «ስፒከሩን ለማን ነው የገዛኸው?» አለችኝ።

«ለእማ ነዋ!»

«እማ የት ነው የምትቀመጠው?»

እናቴን አየሁ። ከዚያ መጋረጃውን አየሁ። እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ ወፍራም ካኪ ጨርቅ፣ ከገበር ላይ ገበር፣ ዓይንም ድምፅም አያሳልፍም ብዬ ለሰው ሁሉ የፎከርኩበት። ከበሩ እስከ መጋረጃው አራት ሜትር ብዬ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ ሌላ ሰው ለክቼ ለሌላ ሰው ሱሪ ሰፍቼ አላውቅም ነበር።

«አትናደድ ልጄ» አለች እናቴ። «ድሮም እንዲህ ነው። አርባ ዓመት እሳቸው ሐድራ ሲቀመጡ እኔ ከወዲህ ነኝ። ግጥማቸውን ሰው እየነገረኝ ነው የማውቀው።»

«ጆሮሽ ደክሞ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ጆሮዬማ ምን ሆኖ? ሰው ሲያማኝ እንኳ እሰማለሁ።»

አፈርኩ። ዓመት ሙሉ የካሴቱን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር አንድ ቀን፣ በአዘቦት ቀን፣ ካሴቱን አውጥቼ አጠገቧ አልከፈትኩላትም። ወደ ወንዶቹ ተመለስኩ። ሳጥኖቹን ብቻ ልወስድ ብል ሽቦው አልደረሰም፤ በልኩ ቆርጬዋለሁ። ስለዚህ ቴፑን ዘጋሁና ሁሉንም ነቅዬ ተሸከምኩ።

«አንተ ጀላል፣ ምን ነካህ?» አሉ ሀጂ እንድሪስ።

«ሀጂ፣ አፉ ይበሉኝ። ዛሬ እርስዎና ወንዶቹ ድቤውን ስሙ።»

ሀጂ እንድሪስ መጋረጃውን አዩ፣ እኔን አዩ። የራሳቸው ባለቤትም ከወዲያ ነበረች። «ሀቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሂድላቸው።»

በርጩማዎቹን እናቴ ፊት አኖርኩ። የጆሮዋን ልክ በእጄ ለክቼ አስተካከልኩ። ካሴቱን ከመጀመሪያው መለስኩትና ከፈትኩት።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ተስቢሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እነረሂማ ይሰማቸዋል?» አሉ አባቴ።

«ይሰማቸዋል አባዬ፣ ይጀምሩ!» አለ የእኔ ድምፅ። መጋረጃውን ሳይገልጥ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የመለሰው። ኮምቦልቻ የሳቅሁበት ድምፅ ነው፤ አሁን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እናቴ ወደ ትንሿ ሳጥን ጠጋ አለች።

«አይሰማንም ነበር» አለቻቸው አባቴን። «በሉ፣ አሁን ይጀምሩ።»