ሳላቋርጥ የዋጥኩት ክኒን

ሰርካለምና ባሏ ምንይሉ ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሦስተኛ እንዳይወለድ ተማክረው ነበር። "እኛ አንድ ነገር ብንሆን ለዘመድ ሁለቱም ይከብዳሉ" ያለው ምንይሉ ነው። እሷም መድኃኒት በምትወስድበት ጤና ጣቢያ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን የወሊድ መከላከያ ክንዷ ውስጥ አስቀበረች። የቀበረችላት ሲስተር ሸዋረጋ ናት። መከላከያው የክብሪት እንጨት የሚያህል ነገር ሲሆን፣ ሰርካለም ሱፍ ስትፈትል ቆዳዋ ሥር ትዳስሰዋለች።

ዓመት ከመንፈቅ እንደሆናት የወር አበባዋ ቀረ። ጤና ጣቢያው ከሰፈሯ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ሩቁን የመረጠችው የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ብላ ነበር። ሄዳ ስትጠይቅ ሲስተር ሸዋረጋ ቀና እንኳ ሳትል "መከላከያው ነው፤ አንዳንዴ ያስቀራል" ብላ መለሰቻት። ከሁለት ወር በኋላም መልሷ ያው ነበር። በአራተኛው ወር ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላወስ ሰርካለም ካልተመረመርኩ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ሲስተሯ ውጤቱን አይታ "መቼ ነው ያስወጣሽው?" አለቻት።

"ምኑን?"

"የክንድሽን ነዋ።"

ሰርካለም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይኸው፣ ይዳስሱት።"

ሲስተሯ አልዳሰሰችም። "እንግዲያው ጥፋቱ ካንቺ ነው፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒትሽን በደንብ አልወሰድሽም" ብላ ካርዷ ላይ ጻፈች።

ምንይሉ የራሱን መድኃኒት ሊወስድ በሄደ ጊዜ ሲስተሯ መከላከያውን አስወጥታዋለች ስትል ሰምቶ መጣ። "ተማክረን አልነበር? ለምን ደብቀሽ አስወጣሽው?" አላት።

"አላስወጣሁም። ዳስሰኝ።"

"ሲስተሯ ትዋሻለች?" ብሎ ወጣ። ጓሳ ሣር አጭዳለሁ ብሎ ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ በዕውቀቱ የሚባል አዲስ ባለሙያ አገኘች። ሆዷንና ካርዷን እያየ "ማታ የሚዋጠውን የኤች አይ ቪ ክኒን አቋርጠው ያውቃሉ?" አላት።

"አንድ ቀን አላቋረጥኩም።"

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህቺ ክኒን የክንዱን መከላከያ ታደክመዋለች። ሁሉም ሴት ላይ አይደርስም፣ ግን ይደርሳል። እርስዎ ላይ የደረሰው ስላቋረጡ አይደለም፤ በየቀኑ ስለዋጡ ነው።"

"ይታወቃል ይሄ?"

"ይታወቃል። ሳይቀበርልዎት በፊት ሊነግሩዎት ይገባ ነበር።"

ሰርካለም በደንብ ስለዋጠች የደረሰባትን፣ አልዋጥሽም ብለው ጽፈውባታል። ክፍሉን ለቃ በቀጥታ ወደ ሲስተር ሸዋረጋ በር ሄደች።

"ክኒኗ መከላከያውን እንደምታደክም ታውቂ ነበር?" አለች። እስከዚያች ቀን አንቺ ብላት አታውቅም።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ።" ሰርካለም ተራ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረች። ሁሉም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው የማይተዋወቁ መስለው ተቀምጠዋል። "ክንዳችሁ ላይ ያስቀበራችሁ፣ ማታ ማታ ክኒን የምትውጡ፣ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ከመቀበሩ በፊት ጠይቁ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።"

ከጥግ አንዲት ሴት ነጠላዋን ገለጠች። "እኔም አርግዤ ነበር" አለች። "ባሌ ከማን ነው ብሎ ጥሎኝ ሄደ።"

ሲስተሯ በሩን ልትዘጋ ስትል ሰርካለም በእግሯ ያዘችው። "የጻፍሽውን ሰርዢ።"

ሲስተር ሸዋረጋ ካርዱን ስባ ሰረዘችው። "መከላከያው እያለ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ፀነሰች" ብላ ጻፈች። ሰርካለም ማንበብ ስለማትችል በዕውቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

ቤት ስትገባ ካርዱን ምንይሉ ራሱ አነበበው። መልሶ ሰጥቷት "ይቅር በይኝ" አለ።

"ዳስሰኝ ስልህ ብትዳስሰኝ ኖሮ ካርድ አያስፈልግህም ነበር" አለችው። ይቅር ያለችው ወራት ቆይታ ነው፤ ያውም በሙሉ ልቧ አይደለም።

ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ተመርምራ ከቫይረሱ ነፃ መሆኗ የታወቀ ዕለት ሲስተር ሸዋረጋ ፈገግ ብላ መጣች። "አየሽ፣ ሁሉም ለበጎ ሆነ" አለቻት።

ሰርካለም ልጇን አቅፋ ተነሣች። "ልጄን እወዳታለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እናንተ የሠራችሁብኝን በሷ አትሸፍኑትም" ብላት ወጣች።