ተጠባባቂ ያጣ ሚኒስትር

ሐኪሙ በባሌ ጉሮሮ ውስጥ ያገኘውን እብጠት በስክሪን እያሳየን፣ «አሁን ከወጣ የሚያሳስብ ነገር የለውም፤ ከቆየ ግን ወደ ክፉ ነገር ሊቀየር ይችላል» ሲል የባሌን እጅ ጨብጬ ያዝኩ። የባሌ ፊት ግን ምንም አልተለወጠም። እሱ የደነገጠው ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት አንዲት ቃል መናገር እንደማይችል ሲነገረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ለሳምንታት? በዚህ ሰሞን?» አለ በዚያ በሻከረ ድምፁ።

ሐኪሙ ሰሞኑ ምን እንዳለበት አልገባውም። ጨዋ ሰው ነው፤ ዜናም የሚያይ አይመስልም። እኔ ግን የውሃ ሚኒስትር ሚስት ነኝ። ሹም ሽር መቃረቡን ከጋዜጠኞቹ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባሌ ጎርሶ ማኘክ ይረሳል።

ካቢኔው መጀመሪያ ሲዋቀርም እንዲሁ ነበር። በምርጫው የትኛውም ፓርቲ ብቻውን መንግሥት መመሥረት ስላቃተው ሁለቱ ትልልቆቹ ተጣመሩና የወንበር ድልድል ተጀመረ። ያኔ ባሌ ስልኩን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዞት ይገባ ነበር። ባሌ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የጉድጓድ ውሃ ሲያስቆፍር የኖረ ሰው ነው። ድልድሉ ሲያልቅ ባሌ የውሃ ሚኒስትር፣ ጋሼ የመንገድ ሚኒስትር ሆኑ! ከየፓርቲው፣ ከየአካባቢው፣ ከወንዱም ከሴቱም ሲመጣጠን እንዲህ ወጣ አሉን። ምክር ቤቱ ሹመቱን አጽድቆ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ጎን ለጎን ቆመው ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ያኔ ይሳቅ ነበር።

አሁን የመንግሥቱ ዘመን ተጋምሷል። ተጣማሪው ፓርቲ «የተሰጠን ወንበር አነሰን» ብሎ አኩርፏል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥምረቱ እንዳይፈርስባቸው ከራሳቸው ፓርቲ አንድ ወንበር ሊለቁለት ነው የሚለው ወሬ ከተማውን ሞልቶታል፤ የማን ወንበር እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሁሉንም በጎሪጥ ያያል። ጠቅላዩ ለማን ፈገግ አሉ፣ የማንን ንግግር አቋረጡ፣ የበሩ ጥበቃ ለማን ሰላምታ ሲሰጥ እጁ ዘገየ፤ ባሌ ይህን ሁሉ ለቃቅሞ ያመጣና ገበታ ላይ ይዘረግፍልኛል። አንድ ቀን «ዛሬ ጠቅላዩ ስናገር ሰዓታቸውን አዩ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ተኮራምቶ ዋለ።

ሊታከም ከሄደ ደግሞ ውክልና መስጠት አለበት። በእኛ መንግሥት አሠራር አንድ ሚኒስትር ከሥራው ራቅ ካለ ምክትሉ አይተካውም፤ ሌላ ሚኒስትር ነው በተጠባባቂነት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥለት። የሚቀመጠውን ሰው መርጦ ለጠቅላዩ የሚያቀርበውም ራሱ ሂያጁ ነው። ለሰሚው መልካም ነገር ይመስላል። የእርሻ ሚኒስትሩ ግን ለስብሰባ ውጭ አገር ከርሞ ሲመለስ ተጠባባቂው የቢሮውን መጋረጃ አስቀይሮ ጠበቀው። ብዙም ሳይቆይ ሹመቱ መጋረጃውን ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በሹም ሽር ሰሞን አገር የሚለቅም፣ አልጋ የሚይዝም ሚኒስትር የለም። ጉንፋን እንኳን የሚደፍራቸው አይመስለኝም።

ከሐኪሙ ስንመለስ መኪና ውስጥ «የጤና ሚኒስትሯ ትወከልልሃ» አልኩት።

«እሷ? ኮሚቴዬን ከእጄ የነጠቀችኝ?»

«የትምህርቱስ?»

«እሱ ሰሞኑን ይስቃል። በዚህ ጊዜ የሚስቅ ሰው የሰማው ነገር አለ።»

«የመከላከያው?»

«እሱማ ስለማይስቅ ነው የምፈራው።»

«እንግዲያው ጋሼን አድርገዋ! ወንድሜ ነው።»

የሹፌሩን ማጅራት ሰረቅ አድርጎ አየና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ወንድምሽ ዕድሜ ልኩን የውሃ ሰው ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከልጆቼ አጎት፣ ሠርጋችን ላይ እጄን ይዞ ከሰጠው ሰው ሊሰጋ! ግን ያ እብጠት ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ በነጋታው ለባሌ ሳልነግር ጋሼ ቢሮ ሄድኩ።

«ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው» ብዬ አለቀስኩ። «አንተ ተወከልለትና ልውሰደው። ምናልባት ያምንህ ይሆናል።»

ጋሼ መሐረቡን አቀበለኝ። «እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬማ ባልሽን ማደንዘዣም አይይዘውም» አለ። አሳቀኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ትንሽ አሰበ። «በይ ሂጂ፤ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩትም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ባሌ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሐል ቆመ። «ሹፌሬ የወንድምሽን መኪና ጠቅላዩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አየው። ትናንትም ዛሬም።»

«ሥራ ኖሮት ይሆናላ።»

«ብቻውን? ረዳት የለ፣ ጸሐፊ የለ፣ ብቻውን?» ድምፁ ተቆረጠና ጉሮሮውን ያዘ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳይመጣ!»

ድምፁ ከሚከዳው ሰው ጋር መጣላት እንዴት እንደሚያስጠላ ያየ ያውቀዋል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ያንሾካሹካል፤ ጎረቤት ቢሰማ ጨካኟ እኔ ነኝ። «ወንድሜን ከቤቴ ልታስቀርብኝ ነው?» አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን እኔንም ከሴረኞቹ ይደምረኛል ብዬ መልሼ ዋጥኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጠቅላዩ አስጠሩት። ጥቁር ሱፉን ለብሶ ወደ ራሱ ቀብር የሚሄድ መስሎ ወጣ። ሲመለስ ሶፋው ላይ ዝርግት አለ።

«ወንበሩ የእኔ ነበር» አለ። ለመስማት ተጠግቼ ተቀመጥኩ። «ለተጣማሪው ሊሰጡ የወሰኑት የእኔን ነበር። ወንድምሽ ገብቶ ‹እሱ ታሟል፣ በሕመሙ ላይ ይህን አይጨምሩበት፤ የእኔን ይስጧቸው። እስኪድንም ውሃውን ለማንም ሳይሰጡ እርስዎ ራስዎ ይያዙለት› አላቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። ተስማሙ።»

ጋሼ! እያለቀስኩ ስልኩን አምጥቼ ሰጠሁት። «ደውልለት። አሁኑኑ።»

ስልኩን ተቀበለኝ፣ አየው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ቆይ» አለ። «ግን ምን አግኝቶ ነው?»

ዜናው ሲነገር ጋሼ «ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል» ተባለ፤ በፈቃዱ መሆኑን የጠቀሰ የለም። ባሌም በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገባ። እብጠቱ ወጣ። ሐኪሙ «ደግ ጊዜ ነው የመጣችሁት፤ ትንሽ ብትቆዩ ሌላ ወሬ ነበር የማወራችሁ» አለኝ። ለባሌ እንዲጽፍባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ሰጡት።

እኔ ኮሪደር ላይ የሚኒስትር ሚስቶችን ስልክ አነሳ ነበር። ስለ ጉሮሮው የሚጠይቁኝ ጥቂት ናቸው። «ወንድምሽ አምባሳደር ሊሆን ነው አሉ እኮ፣ ደስ ይበላችሁ!» ትለኛለች አንዷ። «ያለ ነገርማ ወንበር የሚለቅ የለም» ትላለች ሌላዋ። ሁለቱንም ጆሯቸው ላይ ዘጋሁባቸው። ወሬው ግን እንደ ሥጋ ስንጥር ጥርሴ መሐል ቀረ። ከስንጥሩ ጋር ስታገል ሰነበትኩ።

ጋሼ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ሹፌር የለው፣ አጃቢ የለው፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎታል። ፊቱ ወዝቷል። ከሥልጣን የወረደ ሰው ፊት እንዲህ ይወዛል እንዴ? አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው አፈርኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የባሌን ጉልበት መታ መታ አደረገ። ባሌ ሰሌዳዋን አነሳና ጽፎ አሳየው። «ማን ላከህ?» ይላል።

ጋሼ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እህቴ ናት የላከችኝ» አለ። «መጀመሪያውንም እሷ ናት። ቢሮዬ መጥታ አልቅሳ ነው ያስጨነቀችኝ።»

ባሌ ዞር ብሎ እኔን አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ለትምህርት ሚኒስትሩ ሳቅ የሚያወጣው ዓይን ነው።

ጋሼን ልሸኝ እስከ ደረጃው ድረስ አብሬው ወጣሁ። የማመሰግንበትን ቃል ከቤት ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር። እግሩ ላይ ብወድቅም አይበዛበትም ብዬ ነበር። እሱ ቀለል ብሎት እያፏጨ ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን ቃል ገቡልህ?»

ቆመ። ፈገግታው ቶሎ አልጠፋም፤ ቀልዴን ነው እስክለው ትንሽ ጠበቀኝ። ፊቴ ላይ ቀልድ ሲያጣ ጠፋ።

«እማዬ አልጋ ስትይዝ ሥራሽን ለቀሽ አስታመምሻት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቤቱን ልትወርስ ነው ብለው ዘመዶች ሲንሾካሾኩ እኔም ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ግቢ፣ ባልሽ ብቻውን ነው» ብሎኝ ደረጃውን ወረደ። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁት። እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ወደ ክፍሉ ስገባ ባሌ ሰሌዳዋን ደረቱ ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። «ምን አለሽ?» ይላል።

«ምንም» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። አላመነኝም። በዚያ ሰሞን ሰው ጠርጥሮ ልክ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር።