ለሞረድ እንቢ ያለ ብረት

ፋብሪካው ውስጥ «ሞረድ» ይሏታል፤ ምላሷ የነካውን ሁሉ ስለሚፍቅ ነው። ሥራዋ የተጠገነ ብረት መፈተሽ ነው፤ እሷ ካልፈረመች አንድም ማሽን አይነሳም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ገና አፏን ሳትከፍት ደሟ ፈልቶ ነበር። እንድትፈርምበት የቀረበላት የድስት ክዳን ተጭኖ የሚያወጣው ማሽን ክንድ ነው። ከሥሩ እጇን እየሰደደች ቆርቆሮ የምታስገባው ደግሞ ታናሽ እህቷ ናት።

ክንዱ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ከሦስት ሳምንት በፊት ተሰነጠቀ። የበየደው አጎታቸው ነው፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱንም ያሳደገ፣ እሷንም እዚህ ያስቀጠረ። በአዲሱ ሌዘር በየደው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባው፣ ከዚያ ለፋብሪካው ባለቤት ሲኩራራ አረፈደ።

«በየድኩት ባልኩ በአስር ደቂቃ እኮ ነው የቀዘቀዘው! እጅዎን አሳርፈውበት የለም እንዴ?»

«ጉድ ነው!» አለ ባለቤቱ።

ሞረድ ጉዱ የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ጊዛ ሆዱ ውስጥ ከሰል የያዘ ብረት ነው። ቀስ ብሎ ከበረደ ከሰሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ብረቱም ምት ይችላል። ሌዘሩ ግን ቀጭን አድርጎ ያቀልጠውና ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ሙልጭ አድርጎ ይጠጣዋል። ከሰሉ መውጫ ያጣል። ብየዳው ጠርዝ ላይ እንደ ጠርሙስ የደረቀ፣ ሞረድ የማይበላው፣ ሲመታ የሚሰበር ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ብረቱን አስቀድሞ ማጋል፣ ሲያበቃም ኖራ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ነው። ይህን ያስተማራት ማን ሆነና? ራሱ አጎቷ!

«ጋሼ፣ አግለውታል?»

«ሌዘር ምን ማጋል ያስፈልገዋል? ዘመኑ ተቀይሯል፣ ልጄ። ፈርሚ።»

ከብየዳው ጎን ቀለሙን በቢላ ፋቀችው። ሞረዷን ሳታሳርፍ እጇ ቀጥ አለ። ከቀለሙ ሥር ሁለት የሚያብረቀርቁ ጭረቶች አሉ። ሌላ ሰው ቀድሟት ሞርዶ ነበር፤ ሞረዱም ሳይበላ ተንሸራቷል። ጭረቶቹ የግራ እጅ ናቸው፤ በዚያ ፋብሪካ በግራው የሚሞርድ ደግሞ አጎቷ ብቻ ነው። የራሷን ሞረድ ስታሳርፈው እሪ ብሎ ሸሸ። ቅንጣት ብናኝ አልወረደም።

«ሞርደውታል» አለችው። «እንቢ ሲልዎት ቀለም ቀቡበት።»

አጎቷ ባለቤቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ፀጉር የምታህል መስመር ናት። ለዛሬ አድርስ ተብዬ ነው። ስለ እኔ ብለሽ፣ በቃ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለ ባለቤቱ። «ፈርሚና ሥራችንን እንሥራ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ያለችው ሰው!

«የእህቴ እጅ እኮ ነው ከሥሩ የሚገባው! ያንን እጅ ይዘህ ፊደል ያስጻፍከው አንተ አይደለህም?» በሕይወቷ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

ትልቁን መዶሻ አነሳች። ባለቤቱ «ኧረ ተይ!» ቢል ማን ሰምቶት! ክንዱ ሁለት እንጨት ላይ ተጋድሟል። አንዴ መታችው፣ ደገመችው፤ በሦስተኛው ለሁለት ተገምሶ ወደቀ። ብየዳው ፍንክች አላለም። የተሰበረው ከጎኑ፣ ያችን ፀጉር የምታህል መስመር ተከትሎ ነው።

«ወጪት ሰባሪ!» ብሎ ጮኸ አጎቷ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሥራ የለሽም!» አለ ባለቤቱ።

ሁለቱንም ከቁብ አልቆጠረቻቸውም። በሩ ተከፍቶ ታናሽ እህቷ ሽርጧን እያሰረች ገባች። ሦስት ሳምንት ቤት ተቀምጣ ልታብድ ነበር፤ ዛሬ ፊቷ በርቷል። ዓይኗ ያረፈው አጎቷ ላይ ብቻ ነው።

«አባብዬ! ደረሰልኝ አይደል? አንተ ከበየድከውማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው እጄን የምሰደው!»

አጎቷ አንገቱን ደፋ።

«መልስላት እንጂ!» አለች ሞረድ፣ መዶሻውን እንደያዘች። «ትጠብቅሃለች፤ መልስላት!»