ከኮርኒሱ የወረደው እንጨት

በናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የወይዘሮ ዘውድነሽ ትልቅ ቤት የቀበሌው የውይይት ክበብ ከሆነ ወዲህ፣ ግድግዳው ሚስማር አልቀበል ብሎ ሊቀ መንበሩን ጓድ መርዳሳን መከራ ያሳየው ነበር። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይምሰል እንጂ ከውስጥ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው፤ ሚስማር ሲመቱበት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ከተማው ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ቀለም ሲቀባ በከረመበት በዚያ ነሐሴ፣ ከሦስቱ ባለጢሞች የመካከለኛው ሥዕል በጥናት ሰዓት ከነመስተዋቱ ወርዶ ተከሰከሰ። ማንንም አልመታም፤ መርዳሳ ግን አናቱን የተመታ ያህል ደነገጠ።

«ያ ገመቹ!» አለ አናጢውን አስጠርቶ፤ «ለበዓሉ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ሥዕሉ እነሱ ፊት ከወደቀ እኔም አብሬው ነኝ። እባክህ ከዚህ ግድግዳ ጋር አስታርቀኝ።»

ገመቹ እንደ እንግዳ ሰው ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። መመልከት አላስፈለገውም ነበር፤ ያንን ሳሎን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳሎናቸውን እሱም ለሚጸልይበት የጴንጤዎች ኅብረት በሰጡ ጊዜ፣ ቤቱን ያሠራው ግሪካዊ ነጋዴ ያስገጠመው የሥዕል መስቀያ እንጨት፣ ከኮርኒሱ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ አራቱንም ግድግዳ ይዞር ነበር። የላይኛው ጠርዙ መንጠቆ እንዲይዝ እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ነው፤ የተመታውም በምርጉ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ካሉት ቋሚዎች ጋር ስለሆነ ምንም ቢያንጠለጥሉበት አይነቃነቅም። ኅብረቱ ግን፣ «ሥዕል የማንሰቅል ሰዎች መስቀያው ምን ያደርግልናል?» ብሎ እንዲነሣ ወሰነ። ያነሣውም ገመቹ ነበር። ጥሩ ዝግባ ስለነበረ ለማገዶ ሊሰጠው አልጨከነም፤ በጆንያ ጠቅልሎ ከኮርኒሱ በላይ አስተኛው። ይህን የሚያውቁ እሱና የቤቱ እመቤት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ኅብረቱ ተዘጋ፤ ቤቱ ተወረሰ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽም ታሰሩ። «እምነቴን ትቻለሁ» ብለው ቢፈርሙ በማግሥቱ ይለቀቁ ነበር። «ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልናገርም» ብለው ክረምቱን በሙሉ እዚያው ከረሙ፤ ከእሳቸው ጋር ይጸልዩ ከነበሩት መካከልም የአንድ ሰው ስም እንኳ ከአፋቸው አልወጣም። ከተፈቱ ወዲህ የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ሆኖ፣ ትልቁን ቤት መጥረግና መስኮቱን መወልወል የእሳቸው ሥራ ሆኗል። ገመቹ በጓሮው በኩል ባለፈ ቁጥር ሰው እንዳያየው በዓይኑ ብቻ ሰላም ይላቸዋል። እሳቸውም በዓይናቸው ይመልሱለታል።

«ባሕር ዛፍ ሰንጥቀህ ዙሪያውን ምታልኝ፤ ከቀባነው ማን ያውቀዋል?» አለ መርዳሳ።

ያ ለተባለው ጉዳይ በቂ ነበር። ገመቹም ባሕር ዛፉን ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ያ እርጥብ እንጨት ከመስቀል በዓል በፊት እንደሚጣመም፣ ማዕዘኑም አፉን እንደሚከፍት ሲያስበው እጁ አልታዘዝ አለው። የድሮውን ለልኬት ያህል ብቻ ልየው ብሎ መሰላል አቆመና በኮርኒሱ ቀዳዳ ራሱን አስገባ። ጆንያው እንዳስቀመጠው ነበር። ሲፈታው የዝግባው ሽታ አፍንጫውን መታው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር ዛፍ አላሰበም።

እንግዲህ ሥራ ማለት ያ ነበር። ሰዎች በየጊዜው የደራረቡበትን አረንጓዴ ቀለም በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ ከሥር ማር የመሰለውን የእንጨቱን መልክ አወጣው። የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፈነ። አንዱን ዘንግ ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ የመላጊያውን ምላጭ በሞረድ ቀርጾ ያንኑ ከንፈር፣ ያንኑ ሸንተረር በአዲስ ዝግባ ላይ አወጣ፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጣቸው የትኛው የግሪኩ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ ለራሱም ግራ ገባው። መሰላሉ ላይ ቆሞ ሲያንጎራጉር፣ ያ ዜማ በዚሁ ሳሎን ይዘመር የነበረ መዝሙር መሆኑን ድንገት አወቀና አፉን ያዘ። መዶሻውን ግን አላቆመም። ደስ ብሎት ነበር፤ በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረውም ያ ደስታ ነው።

ሥራው ባለቀ ዕለት መርዳሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሉን ዞረው። ሦስቱም ሥዕሎች ከመስቀያው በሽቦ ወርደው፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ ቁልቁል ያዩት ነበር።

«ወይ ጉድ! ይህ የቤተ መንግሥት ነው እንጂ የቀበሌ ነው? እንጨቱን ከየት አገኘኸው?»

«ከየትም አይደለም፤ የራሱ የቤቱ ነው!» አለ ገመቹ፣ ኩራቱ ከምላሱ ቀድሞ። «ኮርኒስ ላይ ነበር።»

መርዳሳ ዘወር አለ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እዚያ መኖሩን ማን ነገረህ?»

ገመቹ መዶሻውን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

«ይህ የጴንጤዎች ቤት ነበር» አለ መርዳሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ የአብዮት ጥበቃው በር ላይ ቆሟልና። «ስማኝ፣ እኔ ክፉህን አልሻም። ግን የእነሱን ሰው አስገብቼ ይህን ግድግዳ አሠርቼ ቢሆን ለእኔም ለአንተም አይበጅም። እዚህ ቤት ትመጣ ነበር?»

«እኔ? ከነማን ጋር? እግሬ ረግጦት አያውቅም! ከእነዚያ ሰዎች ጋር ምን አለኝ?»

ይህን ሲል መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ማዶ ወይዘሮ ዘውድነሽ እርጥብ ጨርቅ ይዘው መስተዋት ይወለውሉ ነበር። ጨርቁ ቆመ።

«እማማ ዘውድነሽ! እስቲ ወዲህ ይበሉ። ይህን ሰው ያውቁታል?»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ገብተው ገመቹን ተመለከቱት። እሱ የእግራቸውን ጫማ አየ። በእስር ቤት ስንት ሰው እየተፈራረቀ ሲጠይቃቸው ያልሆነውን ሆነ ያላሉት ሴት፣ ጨርቁን በእጃቸው እየጨመቁ እንዲህ አሉ፦

«ምኑን አውቀዋለሁ፣ ልጄ? ባለፈው ሰሞን እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ አይቼ፣ ‹አንተ ሰው፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ኮርኒስ ላይ ያስቀመጠው እንጨት አለ፤ ምስጥ ከሚበላው ለሥራ ይዋል› አልኩት። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ማን ይሉታል?»

መርዳሳ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያም ሳቀ። «ገመቹ ይባላል። እርስዎ ባይነግሩት በባሕር ዛፍ ቀርተን ነበር።»

«እንግዲህ ሥራው ይባረክ፣ ገመቹ» አሉና ወደ መስኮታቸው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቀትር በኋላ የገመቹ ቤት ተራ ነበር። ኅብረቱ ከተዘጋ ወዲህ ምእመናኑ የሚሰበሰቡት በልደት ስም ስለነበረ፣ የገመቹ ልጅ ኢፍቱ በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ተወለደች። ጎረቤት እንዲያየው ዳቦው በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ኢፍቱም ሻማዋን አጥፍታ ልትጫወት ወጣች። ገመቹ ወይዘሮ ዘውድነሽ እንዳይመጡ ሲመኝ ውሎ ነበር። መጡ፤ ለልጅቷም ከረሜላ ይዘው ነበር።

«ይህች ልጅ እንዲህ ዕድሜ ከቆጠረች እኔን ልትቀድመኝ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሁሉም ሳቀ፤ ገመቹም እንደ ሰዉ ሳቀ።

ኅብረቱን የሚመሩት አዛውንት ኦቦ ገርባ፣ «የሚጸለይለት ጉዳይ ያለው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ አለኝ። በዚህ ሳምንት ዋሽቻለሁ። ተገድጄም አይደለም፤ ወድጄ፣ አሳምሬ ነው የዋሸሁት። የሞተውን ባሌን እንኳ ምስክር አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልተመለሰልኝም። ጸልዩልኝ።»

ማንም፣ «ለምን? ስለ ማን?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

«እንግዲህ ቤቱ የገመቹ ነው» አሉ ኦቦ ገርባ፤ «ገመቹ ይጸልይላቸው።»

ገመቹ ተነሣ። ሁሉም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ ምሕረት፣ ስለ ሰው ድካም፣ ስለዚህች እናት ያለፈ ታማኝነት ጸለየ። ቃሉ አንዱ በሌላው ላይ ያለ ክፍተት እየገጠመ፣ ለስልሶ ወጣለት፤ ከወደ ጥግ አንዲት ሴት «አሜን» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ገመቹ የገዛ ድምፁን ሰማ። መሰላሉ ላይ ቆሞ ይሰማው የነበረው ያ ደስታ በአፉ ውስጥ እየሞቀ ነበር። ጸሎቱን አቋረጠ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የዋሹት ስለ እኔ ነው» አለ። «እኔ በፊታቸው ካድኩ። አላውቃቸውም፣ ከእነሱ ጋር ምን አለኝ አልኩ። እሳቸው ይህን ሰምተው አዳኑኝ። በዚያ ላይ ጸልይላቸው ስባል ልጸልይላቸው ተነሣሁ።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ «ተው፣ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ በቀስታ።

ኦቦ ገርባ ግን እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሊረዱት የፈለጉት ነገር ብቻ ነበር።

«መካድህስ ይሁን፤ ፈርተህ ነው፣ ማን አልፈራም? እኔን ያልገባኝ ሌላው ነው። ክበቡን ለማየት ሰው ሲጎርፍ እኔም መስቀያውን በመስኮት አይቼዋለሁ። ሊቀ መንበሩ ለሰዉ ሁሉ እንደሚያወራው፣ ባሕር ዛፍ አይደል ያለህ? የቤቱን እንጨት አውርድ ያለህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን አወረድክላቸው?»

ገመቹ ለዚህ መልስ ፈለገ። ያስገደደው አልነበረም። ያስፈራራው አልነበረም። እጁን ተመለከተ፤ በጥፍሩ ሥር አረንጓዴው ቀለም ገና አልለቀቀም።

«ስለሚያምር» አለ።

ከውጭ የኢፍቱ ሳቅ ተሰማ። ገመቹ እንደ ቆመ ቀረ፤ መቀመጥም አፈረ።

«ሲያምርስ ያምራል» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ወለሉን እያዩ። «ስወለውል ቀና ብዬ አየዋለሁ።»