መኪናዋን የነካ ሁሉ

የእማማ አገኘሽ አሮጌ አይሱዙ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ካለው ጋራዤ በር ሳትደርስ ኳኳታዋ ቀድሟት ገባ። ገና ሳላያት ደከመኝ። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ደስ ብሎት ወደ እኔ የመጣ ሰው አላየሁም። ሰርግ የሚጠራኝ ሰው እንኳ እጄን ሳልታጠብ፣ «ጋሼ ሰይፉ፣ እስኪ ይቺን ድምፅ ስማልኝ» ብሎ ወደ መኪናው ይጎትተኛል።

ሾፌሩ ገነነ ወርዶ ሰላም አለኝ። ከሰላምታ ሌላ ብዙ አይናገርም። የእማማ አገኘሽ ባል ከሞቱ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያችን መኪና የሚነዳ እሱ ነው። ጴንጤ ነው፤ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ዘይት ይለካል። ከላንቴ ሙዝ ጭኖ ሲመጣ ጫኖ ላይ ድምፁ እንደጀመራት፣ ሙዙን ወደ ሌላ መኪና አስገልብጦ ባዶዋን ቀስ እያለ እንዳመጣት በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረኝ።

ሞተሩን አስነስቼ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ከላይ የሚመጣ ድምፅ ቀጭን ነው፤ በእሱ የሚሞት ሞተር የለም። ይሄኛው ከታች ነበር፤ ወፍራም፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚብስበት። የናፍጣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አላላሁ። ቱቦው ሲላላ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል፤ ድምፁ አብሮ ከቀነሰ በሽታው እዚያ ነው ማለት ነው። አንደኛው ምንም አልለወጠም። ሁለተኛውን ሳላላ ኳኳታው ጋብ አለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ምንም።

ቢየላ ነው አልኩ። ቢየላ ፒስቶኑን ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ስስ ልባስ ሲበላ ብረት ብረትን መምታት ይጀምራል። ይህን ስናገር ጋሻዬም ደርሶ ነበር፤ የእማማ አገኘሽ ልጅ ነው፣ ሴቻ ሰፈር ቢሮ ይሠራል። ልባስ ምን ይበላዋል ብሎ ጠየቀኝ። አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማነስ ነው አልኩት። ዘይቱን ለክቼ ሙሉ እንደነበር ግን አልጨመርኩለትም፤ አልጠየቀኝም። ጋሻዬ ዞሮ ገነነን አየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በብዙ ሾፌር ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ።

ወዲያው ልፈታ ነበር። ጋሻዬ ግን ደጋው ላይ ጨንቻ ላሉት እናቱ ደወለና እማማ ሞተሩ እንዳይከፈት አዘዙ። ነገ እወርዳለሁ፣ ቃል ሳይወጣ ብረት እንዳይነካ አሉ።

እኔ እዚህ አገር ስለኖርኩ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። የጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲሞት፣ ዝናብ ሲቀር ጎሜ ነው ይላሉ። አንድ ሰው መንካት የሌለበትን ነክቷል፣ ማድረግ የሌለበትን አድርጓል ማለት ነው። ያ ሰው ጥፋቱን በአፉ ተናግሮ ካላወጣው የተበላሸው አይቃናም። እማማ አገኘሽ ጾም አይገድፉም፣ ቅዳሴም አያስታጉሉም፤ ጎሜን ግን አይዘነጉም። የባላቸው መኪና ደግሞ ለእሳቸው ተራ ብረት አይደለችም።

በማግስቱ በሚኒባስ ወርደው ግቢዬ ውስጥ ካለው የሽፈራው ዛፍ ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋን የነካ ሁሉ ይናገር አሉ። ጋሻዬ እየተቅለሰለሰ፣ ቢሮ እንዳለ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እናቱ ሳያውቁ ለራሱ ቤት አሸዋ ሲያመላልስባት እንደነበር አወጣ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ገነነ ዞሩ።

ገነነ እኔ ይህን አላምንም፣ ጌታ ሁሉን ያውቃል፣ ያጠፋሁትም የለም አለ። ጋሻዬ ኳኳታው በእጅህ ነው የጀመረው አለው። እማማ አስበው አሉት። ፀሐዩ ከእግራችን ወደ ጉልበታችን ወጣ። ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ የለም አለ። አራት ሰዓት ላይ የተጀመረው ነገር ሰባት ሰዓት አለፈ። የሰው ፊት ላይ ድካም ሲወርድ አይቼ አላውቅም አልልም፤ የዚያን ቀን ገነነ ላይ እንዳየሁት ያለ ግን አላየሁም። እኔም ራቡም ሙቀቱም አናቴ ላይ ወጥቶ፣ አንድ ነገር ብሎ በገላገለን እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ ገነነ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ዘይት ማነሱን እያየሁ ነድቻታለሁ» አለ።

ሁሉም ተነፈሰ። እማማ ስለተናገረ መረቁት፤ ከልባቸው ነው። ጋሻዬ ግን ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠብቆ የመኪናዋን ወረቀቶች ተቀበለውና ሌላ ሾፌር እንደሚፈልግ ነገረው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዘይት ጨርሶ ሞተር አቃጠለ የተባለ ሾፌር ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ መሪ የሚያስይዘው የለም። ገነነ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከመንዳት ሌላ ሥራ አያውቅም።

ልንነሳ ስንል እማማ አገኘሽ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁሉ ሰው ተናገረ። አንተስ፣ ሰይፉ? አንተም ነክተሃል።»

እኔ አዳንኳት እንጂ አላሳመምኳትም አልኩ። ጋሻዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ዘይቱን ሳፈስ ጥቁርም ጎደሎም አልነበረም። ምናልባት በኋላ ሞልቶት ይሆናል አልኩ፤ ለራሴ ነበር የምናገረው። የታችኛውን የዘይት ገበታ አውርጄ፣ ቢየላዎቹን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቁትን ክዳኖች ፈታሁ። የአንደኛው ልባስ እንደ አዲስ ያበራል። የአራተኛውም። የሁለተኛውና የሦስተኛው ብቻ በአንድ ጎናቸው ተበልተው መዳቡ ወጥቷል።

ዘይት ያነሰው ሞተር አራቱንም ይበላል እንጂ መርጦ አይበላም። ክዳኖቹን በጨርቅ ጠርጌ ጎናቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩ። ሁለት ቁጥር ሦስተኛው ቢየላ ላይ ነው ያለው። ሦስት ቁጥር ሁለተኛው ላይ።

እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ ቀረሁ።

ያንን ሞተር ከስምንት ወር በፊት የገጠምኩት እኔ ነኝ። የመስቀል ዋዜማ ነበር። ደገኛው ሁሉ ወደ አገሩ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ጋሻዬ ቤተሰቡን ጨንቻ ሊያደርስባት በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። እያንዳንዱ ክዳን ከገዛ ቢየላው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው፤ ከሌላው ጋር ልኩ አይገጥምም። ለዚህ ነው ለየብቻ የሚታጠቡት። ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ለሰው ሳስተምር ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን ቸኮልኩና አራቱንም በአንድ ሳፋ ናፍጣ ውስጥ ዘፈቅኳቸው። ሳወጣቸው ቁጥሩን አላየሁም። ልምዴን ተማምኜ ገጠምኩ።

ማን ያየኛል? ከመኪናው ሥር እኔ ብቻ ነኝ። ክዳኖቹን አስተካክዬ፣ አዲስ ልባስ አስገብቼ ብዘጋው ኳኳታው ይጠፋል። እማማም ገነነ ስለተናገረ ዳነች ይላሉ። ጋሻዬም ይረካል። ገነነ ራሱ አምኗል፣ ማን አስገደደው አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ እንዴት እንደሚጣፍጥ ልዋሻችሁ አልችልም። አንድ ሰዓት ያህል ተኝቼ እያላመጥኩት ቆየሁ። ከዚያ ራሴን ጠላሁት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያለኝ ስም ብቻ ነው፤ ያንን ስም የሌላ ሰው ሸክም ላይ ላቆመው ነበር።

ወጥቼ ለጋሻዬ ደወልኩ። እናትህን ይዘህ ና አልኩት። ገነነንም ጠራሁት።

ሦስቱም ከሰዓት መጡ። ክዳኖቹንና ልባሶቹን ጨርቅ ላይ ደርድሬ ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። ወዲያና ወዲህ የምልበት ጉልበት አልነበረኝም።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መስቀል ላይ አቀያይሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዘይት አንድም ቀን አልጎደለም» አልኩ።

ጋሻዬ ፊቱ ተለዋወጠ። የስድብ ዓይነት ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ እናቱ ስላሉ ዋጠው። እማማ አገኘሽ ብረቶቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተነሥተው ገነነ ፊት ቆሙና የሸማቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ይቅርታ ጠየቁት። ጋሻዬም ተከትሎ ጠየቀው። ወረቀቶቹን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስትጠገን መኪናህን ውሰድ አለው።

ገነነ ወረቀቶቹን አልተቀበለም።

ለምን ያላደረግኸውን አደረግሁ አልክ ብዬ ጠየቅሁት። ቁጣዬ በእሱ ላይ አልነበረም፤ ድምፄ ግን ተቆጣ።

«ደከመኝ፣ ጋሼ» አለ። «አንድ ሰው ካልተናገረ ማንም ወደ ቤቱ የሚሄድ አልመሰለኝም። እማማም ፀሐይ ላይ ነበሩ። እኔ ስናገር አንዱ ‘ኧረ ገነነ ይህን አያደርግም’ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ነው። አንድ ሰው እንዲህ ቢል ወዲያው ዋሸሁ እል ነበር።»

እማማ አገኘሽ የያዙትን የሸማቸውን ጫፍ ለቀቁ።

«ቶሎ አመናችሁኝ» አለ ገነነ። «ከእንግዲህ ያችን መኪና ስነዳ የማስበው ይህንን ነው። ሌላ ሰው ፈልጉላት።»

እማማን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ጋሻዬን ጨበጠው፣ እኔንም ጨበጠኝ። እጄ ዘይት ነበር፤ እሱ ግን እጁን አልጠረገም። ከግቢው ወጥቶ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ በእግሩ ሄደ። ማናችንም አልጠራነውም።

ጋሻዬ እናቱን ይዞ ወጣ። እኔ ወደ መኪናዋ ሥር ተመለስኩ፤ ሥራው አላለቀም። ሁለት ቁጥሩን ክዳን በሁለተኛው ቢየላ ላይ ገጥሜ ማጥበቅ ስጀምር፣ ያን ቀን ሽፈራው ሥር ማን የት እንደተቀመጠ ለማስታወስ ሞከርኩ። እማማ ጎማው ላይ፣ ጋሻዬ በሩ ጋ፣ ገነነ መሬት ላይ። ከገነነ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።