የደሳለ ለስላሳ

የገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ ጎኑን የሚያሳርፍ ሰው የለም። እኔ ደግሞ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ፤ አራት ቀን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ከርሜያለሁ። በዋዜማው ከሰዓት ቤቴ ስገባ አልጋዬ ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ተኝተዋል። ባለቤቴ ውባንቺ የሌሎቹን ተሳላሚዎች እግር እያጠበች ነበር። የገና እንግዳ ከደጅ አይመለስም፣ ደንባችን ነው። ጥጌን ይዤ ልቀመጥ ስል ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ኳስና ተጫዋች ተሥሎባቸው የሚወጡ የለስላሳ ጣሳዎችን እሰበስባለሁ። ቱሪስት ጠጥቶ የተወውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ከፀሐይ አርቄ አስቀምጣለሁ። ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። ጎረቤቶቼ ባለ ቆርቆሮው ይሉኛል፤ ይበሉ። ጠርሙስ ግን ባዶው ለሻጩ ስለሚመለስ ያለኝ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ቆርኪው ያልተነሣ። ታናሽ ወንድሜ ደሳለ በ1990 ወደ ግንባር ሲሄድ ከወልድያ ገዝቶ «ስመለስ አብረን እንጠጣዋለን» ብሎ የላከልኝ ነው። መርዶው ሲመጣ እናቴ አልቅሳ፣ ተዝካሩን አወጣች። እኔ ከተዝካሩ አልቀመስሁም። ለስላሳው ተቀምጦ ሳለ ሞቷል ማለት አልሆንልኝ አለ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

ጠርሙሱ ቦታው ላይ የለም።

«የደሳለስ?» አልኋት።

ውባንቺ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኛ ዘንድ ላረፉት ለእማሆይ ገለቴ ሰጠኋቸው። የጸበል መያዣ አጥተው ነው፤ ሊቀዱ ቤተ ማርያም ወርደዋል። የታመመ ልጅ አላቸው፤ ከቋራ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡ።»

«ጣሳ ሞልቶ የለም ወይ?»

«ጣሳ በምን ይከደናል? መንገድ ላይ ፈሶ ያልቃል።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ደፋሁት።» ወደ እግር ማጠቢያው ጎንበስ ብላ፣ «ደክሞኛል ወንዴ። አንተም ደክሞሃል» አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ፤ ቀምቼም ቢሆን ልመልሰው ነበር። ሕዝቡን እየገፋሁ ቤተ ማርያም ስደርስ መነኩሲቷ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ ጸበል ተሞልቶ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፎ ጭናቸው ላይ ነው። ጸበል የያዘ ዕቃ ከሰው እጅ ነጥቄ እንዴት ልድፋ? ባለቤቴ ማን እንደሆነች ብቻ ነገርኋቸው።

«የወንድምህ ነው ብላኛለች» አሉ። «ይህን ያህል ውለታ ውላችሁልኝ ሳልመልስ አልቀርም። አገሬ ስገባ ስሙን በቅዳሴ አስጠራዋለሁ። የክርስትና ስሙ ማነው፣ ልጄ?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

«ከሕያዋን ጋር ነው ከሙታን ጋር የማስጠራው?»

ውባንቺ ይህን አልነገረቻቸውም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ከሙታን ጋር» አልኋቸው።